የታሪፍ ደጋፊዎች

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያው ላይ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እንጠጣለን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ኳስ ሳይሆን ዜና ነው የሚያሳየው፤ የኳስ ጩኸቱ ግን አልቀረም። አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ታሪፍ 145 በመቶ ደርሷል። ቻይናም በአጸፋው የአሜሪካን ዕቃ 125 በመቶ ጭናበታለች። ከጎናችን የተቀመጠ ጎልማሳ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። «145 ለ125! ትራምፕ እየመራ ነው!» አለ። ጓደኛው አልተዋጠለትም። «ቆይ ብቻ፣ ቻይና የሁለተኛ አጋማሽ ቡድን ናት!» አለው። ካፌው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

አይ የኛ ነገር! የአሜሪካው ደጋፊ የያዘው ስልክ ቻይና የተገጣጠመ ነው። የቻይናው ደጋፊ ደግሞ ልጁ ሜሪላንድ እንደምትኖርና የቤት ኪራዩን የምትከፍልለት እሷ እንደሆነች ከአሥር ደቂቃ በፊት ነግሮናል። ለማንኛውም ክርክሩ እየጋለ ሄደ። አንደኛው «ከገዛኸው ያነሰ ከሸጥክ ተዘርፈሃል ማለት ነው፤ ታሪፍ አጥር ነው፤ አጥር የሌለው ቤት ደግሞ የሌባ ነው» ይላል። ሌላው «ታሪፍ ለቴሌቪዥን ነው፣ ነጋዴ መንገዱን አያጣም» ይላል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ፣ እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ እየተቻኮልኩ ወጣሁ። ዳኝነቱን አሁን ልስጥ።

«ጉድለት ማለት መዘረፍ ነው» ከሚለው ልጀምር። ወደ ጎረቤታችን ሶማሊያ ጫት እንልካለን። የምንልከው ከምንገዛው በእጅጉ ይበልጣል። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ሶማሊያን እየዘረፍናት ነው ማለት ነዋ! ከቻይና ጋር ያለን ጉድለት ደግሞ ተራራ ያክላል። በዚያ ተራራ ውስጥ ትራንስፎርመርም አለ፣ የልብስ ስፌት ማሽንም አለ፣ በሁለት ወሩ ሶሉ የሚገነጠል ጫማም አለ። ነገ ሥራ የሚፈጥረው ማሽንና ዛሬ ተቀዶ የሚጣለው ጫማ እኩል አንድ ዶላር፣ አንድ ዶላር ተብለው ይደመራሉ። ቁጥሩ ምን ያህል እንደገዛን ይነግረናል እንጂ ምን እንደገዛን አይነግረንም። ታዲያ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ተዘረፍን» ብሎ መጮህ፣ የጎረቤቱን ዘንቢል ከውጭ አይቶ ምን እንደተበላ ለመናገር እንደመሞከር ነው።

አጥሩስ? ሠርቷል ወይ? አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ ትልልቆቹን ታሪፎች መጣል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያ ዓመት ከቻይና ጋር በነበራት የዕቃ ንግድ ጉድለቷ ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 295 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። የካፌው ወዳጄ ይህን ቢሰማ ጎል ገባ ብሎ ይጨፍር ነበር። ግን ሙሉውን የውጤት ሰሌዳ እንይ። አሜሪካ ከመላው ዓለም ጋር ያላት የዕቃ ንግድ ጉድለት በነዚያው ዓመታት ከ900 ቢሊዮን ዶላር በታች ከነበረበት ወደ 1.2 ትሪሊዮን ገደማ አደገ። ከሻንጋይ በቀጥታ ይመጣ ከነበረው ዕቃ ብዙው በቬትናምና በሜክሲኮ በኩል ዞሮ መጣ። አንድ አገር በድምሩ ከሚያመርተው በላይ የሚያወጣ ከሆነ ልዩነቱን ከአንዱ ጋር ቢዘጋው ከሌላው ጋር ይከፍተዋል። በዚህ በኩል «ነጋዴ መንገዱን አያጣም» ያለው የቻይናው ደጋፊ እውነት አለው። ያ የ145 ለ125 ጨዋታም በወር ገደማ ግንቦት 4 ቀን ተስማምተናል ተባለና ወደ 30 እና 10 ወረደ። ደጋፊዎቹ ግን ሳይታረቁ ቀሩ መሰለኝ።

ተፎካካሪዎች በቀረጥና በምንዛሪ ሲጎሻመጡ የሚሆነውን ለማየት ደግሞ ቤጂንግና ዋሽንግተን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም አገሮች በብር ነበር የሚገበያዩት። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይመንዘሩ አለች። አዲስ አበባ አይሆንም፣ ከድንበር ላይ ትንንሽ ንግድ በቀር ግብይቱ በኤልሲና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች፤ የብር ኖቶቿንም ቀየረች። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው አብዛኛውን የምትገዛት ኢትዮጵያ ነበረች። የኢትዮጵያ ዕቃ የሚገባ የሚወጣው ደግሞ በአሰብ ነበር። በዚያው ዓመት ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው ምንዛሪው ብቻ ነው የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ግን መጨረሻ ላይ ማን አተረፈ? አሰብ ወደብ ሥራ ፈታ። እኛም ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዙረን ይኸው እስከ ዛሬ ኪራይ እንከፍላለን። አንዱ ገዢውን አጣ፣ ሌላው በሩን አጣ። ያኔም በየቡና ቤቱ ደጋፊ ነበር፤ ጭብጨባውን ዛሬ ማንም አያነሳውም እንጂ።

«እንግዲያው ጉድለት ምንም አይደለም ማለትህ ነው?» እንዳትሉኝ። ለማን ነው ምንም የማይሆነው? አሜሪካ የምትገዛበት ገንዘብ በገዛ ማተሚያ ቤቷ የሚታተም ነው። ጉድለቷን በዶላር ትከፍላለች፣ ዶላሩ ደግሞ የራሷ ነው። እኛ በብር ነዳጅ የሚሸጥልን የለም። በ2015 የበጀት ዓመት ወደ ውጭ የሸጥነው ዕቃ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የገዛነው 17 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ያን ሁሉ ልዩነት በብድር፣ በእርዳታና ዘመድ በሚልከው ነው የምንደፍነው። መድፈን ሲያቅት ምን እንደሚመጣ ደግሞ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አይተናል። ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ መክፈል የነበረብንን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። አንድ መቶ ሃያ ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገር በ33 ሚሊዮን ዶላር ስሙ ከማይከፍሉት መዝገብ ገባ። ስለዚህ ጉድለት ለትልቁ ቁጥር ነው፣ ለትንሹ ግን አንገት ነው።

እኛስ አጥር አላጠርንም? አጥረን ነበር እንጂ! ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ አይከፈትም አለ። የቤት መኪና፣ ውስኪ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ ብስኩት፣ የፀጉር ዊግ ሳይቀር ከዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ዶላሩ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለነዳጅ ይዋል ነው ነገሩ። ሐሳቡን የሚቃወም አልነበረም፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ወደ ቦሌ ሱፐርማርኬቶች ስገባ ምን አየሁ? ውስኪው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ሽቶው አለ። ቡቲኩ ውስጥ ዊጉ በየቀለሙ ተሰቅሏል። የጠፋው ድሮ የተለጠፈበት ዋጋ ብቻ ነው። በባንክ በር መግባት የተከለከለው ዕቃ በሻንጣ ገባ፤ የሚገዛበት ዶላርም ከባንክ ሳይሆን ከጓሮ ተገዛ። የጓሮው ዋጋ በናረ ቁጥር ዘመድ የሚልከው ዶላር ከባንክ ሸሸ። ከባንክ በሸሸ ቁጥር ደግሞ የመድኃኒት አስመጪው ወረፋ ረዘመ። ውስኪ ጠጪው ጭማሪውን ከፍሎ ጠጣ፣ መድኃኒት ፈላጊው ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ክልከላውም አብሮ ተነሳ። 57 ብር የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ክልከላው ሲወጣ ያጨበጨብነው ሰዎች ሲነሳም አጨበጨብን። ደጋፊ ምን ያደርጋል? ከማጨብጨብ በቀር!

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ፤ ካፌው ውስጥ መልስ ያሳጣኝም እሱ ነውና። ጎሮ ነው የምኖረው። ከኛ ብዙ ሳይርቅ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሕንድ፣ የኮሪያና የታይዋን ኩባንያዎች ገቡበት። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን በሴት ልጆች ተሞላ። ከየገጠሩ የመጡ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች። የኛን ግቢ ሰርቪስ ቤት ሦስት ሆነው ተከራዩ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሲንሲያጠጥ እሰማለሁ፣ የፋብሪካው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ነው። አንድ ቀን ትልቋ የምትሰፋውን ቲሸርት አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አሜሪካ ነው የሚሄደው!» አለችኝ፤ የላከችው ራሷ እስኪመስል ድረስ።

ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ስለ ሐዋሳው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎታል፤ የኛም ሰፈር ልጆች ከዚያ ብዙም የራቁ አልነበሩም። ጨርቁም፣ ክሩም፣ ዚፑም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፓርኩ ጉድለታችንን ደፈነው ብዬ አላጋንንም። ግን እነዚያ ኩባንያዎች ለምን ቦሌ ለሚ ድረስ መጡ? ለአየሩ ነው እንዴ? አንዱ ምክንያት ርካሽ ጉልበትና መብራት ነው። ሌላው ታሪፍ ነው። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ ይቀረጥ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ እስከ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። አጎዋ በሚባለው ሕግ ከኢትዮጵያ የሄደ ከሆነ ግን ዜሮ ነበር። የልጆቹ ሥራ የቆመው በዚያ በ16.5 እና በዜሮ መካከል ባለችው ቦታ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ምክንያቷ የሰሜኑ ጦርነትና የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው። ፖለቲካውን ለባለፖለቲካዎች ልተውና ሚዛኑን ብቻ ላሳያችሁ። በአጎዋ የምንልከው በዓመት ሩብ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ለአሜሪካ ገበያ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ኒውዮርክ ውስጥ በዚህ ምክንያት ቲሸርት የተወደደበት አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም። የኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ግን ወሬው በወራት ውስጥ ደረሰው። መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ቀረ። ቀጥሎ «ትእዛዝ ስለቀነሰ» ተባለ። ከዚያ ሁለቱ ልጆች በአንድ ሳምንት ተሰናበቱ። በሩ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንሲያጠጡን አቆመ። ድሮ እንቅልፌን ስለሚረብሸኝ እነጫነጭ ነበር፤ ዝምታው ነው ይበልጥ የቀሰቀሰኝ።

«ነጋዴ መንገዱን አያጣም» ያልከው ወዳጄ፣ እውነትህን ነው፣ ነጋዴው አላጣም። ትእዛዙ ታሪፍ ወደሌለበት ሌላ አገር ሄደ። መንገዱን ያጣችው ሰፊዋ ናት። እሷ እንደ ካርቶን ተጠቅልላ ወደ ኬንያ ወይም ወደ ማዳጋስካር አትጫንም። «ታሪፍ አጥር ነው» ያልከውም እውነትህን ነው። ግን አጥሩን የሚያጥረውም የሚያፈርሰውም ትልቁ ነው። እኛ ግን ቤታችንን ሰው አጥር ላይ አስደግፈን ሠራንና፣ ሰውየው አጥሩን ሲያነሳ ግድግዳችንም አብሮ ሄደ። ጥፋቱ የሰውየው ብቻ ነው? ያቺ ዜሮ ቀረጥ በሰጡ ጊዜ የሚከፈት፣ ባሰኛቸው ጊዜ የሚዘጋ በር እንደሆነች ከመጀመሪያው ይታወቃል። በሩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት የራሳችንን ጥጥ፣ የራሳችንን ክር፣ የራሳችንን ጨርቅ አድርሰን ቢሆን ኖሮ 16.5ቷ ብትመጣም የምንይዘው ነገር በኖረን። እኛ ግን ሪባን ስንቆርጥ፣ ስናጨበጭብ ነበር። እኔም በዚሁ አምድ ላይ አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም።

የቀረችው ትልቋ ናት። ጥቂት ወራት የሰው ቤት ልብስ እያጠበች ቆየች። አንድ ማታ «ጋሼ፣ ልሰናበትዎ ነው» አለችኝ። ወዴት ስላት «ዓረብ አገር» አለች። ቤተሰቧ በሬ ሸጦ ነው የላካት። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። መንገደኞች መግቢያው ላይ አንድ ዓይነት ሻርፕ ያደረጉ፣ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ይዘው የተሰለፉ እኩዮቿን ስመለከት ሒሳቡ ተገለጠልኝ። የሰፋችው ቲሸርት 16.5 በመቶ ይከፈልበታል ተብሎ ተመለሰ። እሷ ራሷ ስትላክ ግን ምንም ታሪፍ የለባትም።

አሁን በየሁለት ወሩ ለእናቷ ትልካለች። ከውጭ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ ከቡና ከምናገኘው እንደሚበልጥ የብሔራዊ ባንክ ዘገባዎች ይነግሩናል። የንግድ ጉድለታችን ከሚደፈንባቸው ድንጋዮች አንዱ ይኸው ነው። የውስኪያችንም፣ የዊጋችንም፣ ያቺ የማኪያቶ ወተት ማፍያ ማሽንም ዶላር ከዚያ ይመጣል።

እንግዲህ ዳኝነቴ ይኸው። ታሪፍና ጉድለት ግድ ይላል ወይ ብትሉኝ፣ ለሚጫወቱት ብዙም ላይላቸው ይችላል። ከ145 ወርደው 30 ላይ ይታረቃሉ። ግድ የሚለው ሜዳው ለሆነው ሰው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ካፌ ውስጥ ውጤት ስትቆጥሩ ብታገኙኝ «ማን መራ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። የኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት እስከ ዛሬ ባዶ ነው።