የእሪያ ጠመንጃ፤ ስለ ጥይት መጠን የተጻፉ መጻሕፍት በጪጩ ጓሮ ሲመዘኑ

ስለ አደን ጠመንጃ ከተጻፉት የፈረንጅ መጻሕፍት መካከል በአዳኞች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠቀሱ ሁለት አሉ። አንደኛው ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ የዝሆን አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው የጕዞና የአደን ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው አየርላንዳዊው ጆን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ አፍሪካ ጠመንጃዎችና ጥይቶች ያወጣው መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ብዙ የገደሉ፣ ብዙም ያዩ ሰዎች ናቸው፤ የጻፉትም ከሌላ ሰው አፍ የሰሙትን ሳይሆን በእጃቸው የሞከሩትን ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት አዳኙና አውሬው ብቻቸውን ስለሚገናኙበት ሰፊ አገር ነው። እነዚህን መጻሕፍት ከጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ በስተ ደቡብ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው ጎዳና ላይ ካለችው ከጪጩ ሆኖ ለሚያነብ ሰው፣ ትልቁ ጥያቄ ሳይጠየቅ እንደ ቀረ ይታየዋል። ጥይቱ አውሬውን ስቶ ወይም በስቶ ካለፈ በኋላ የሚወድቀው በማን ቤት ላይ ነው?

ነገሩን ለመመርመር አስቀድሞ አውሬውን በስሙ መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ ከርከሮ፣ እሪያ፣ የዱር አሳማ የሚሉት ቃላት በንግግር እርስ በርሳቸው ይቀያየራሉ፤ የአደን ጠመንጃ ለመምረጥ ግን ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ፊቱ ኪንታሮታም የሆነው፣ ጭራውን እንደ ዘንግ አቁሞ የሚሮጠው ከርከሮ በቀን የሚወጣ፣ ሣር የሚግጥ፣ ገላጣ መሬት የሚወድ አውሬ ነው። እንሰትና ሥራ ሥር የሚቈፍረው የዱር እሪያ ግን በመንጋ ሆኖ በሌሊት ይወጣል፣ ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ ይወዳል፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። የሳይንስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1904 የመዘገቡት ታላቁ የደን አሳማ ደግሞ ሦስተኛ ዐይነት ሲሆን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ይገኝበታል፤ እርሱ ግን የሰፊ ደን ነዋሪ ስለ ሆነ ለጓሮው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። የመጻሕፍቱ ምክር በአብዛኛው የሚስማማው ለመጀመሪያው፣ በብርሃን ለሚታየው ነው። የጪጩ ገበሬ ባለጋራ ግን ሁለተኛው ነው።

ይህ ባለጋራ የሚያደርሰው ጥፋት በጤፍ ወይም በበቆሎ ማሳ ላይ ከሚደርሰው የተለየ ነው። በቆሎ ቢጠፋ የአንድ ወቅት ድካም ይጠፋል። እንሰት ግን ተተክሎና ተዛውሮ ለመፋቅ እስኪደርስ በርከት ያሉ ዓመታትን የሚጠይቅ ተክል ነው፤ እሪያው ሥሩን ቈፍሮ የበላው አንድ እንሰት በሚመጣው ክረምት አይተካም። ስለዚህ ባለቤቱ በሌሊት መሣሪያ ይዞ ቢወጣ የአዳኝነት ስሜት ገፋፍቶት ነው ማለት አይቻልም። ቤተሰቡ የሚበላው ቆጮ ወደ ፊት የብዙ ዓመት መዘግየት እንዳይደርስበት ነው።

ቴይለር በመጽሐፉ ውስጥ የታወቀውን የመዘረር ቍጥር አውጥቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሴኮንድ፣ ስፋቱ በኢንች ይባዛና ለ7000 ይካፈላል። ሰውዬው ይህን ያመጣው የፋብሪካ ሰንጠረዦች በጥይት ጉልበት ብቻ ሲመኩ አይቶ ነው። ጉልበት የሚሰላው ፍጥነትን በራሱ አባዝቶ ስለ ሆነ፣ ቀጭንና ፈጣን የሆነውን ጥይት ከሚገባው በላይ ያከብረዋል ብሎ ያምን ነበር። ትችቱ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ በኢትዮጵያ በታወቁት ጠመንጃዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ የሚያስገርም ውጤት ይሰጣል።

ውጅግራ የሚባለው፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ግራ ጠመንጃ፣ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል። ቤልጅግ እየተባለ የሚጠራው ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር በከባዱ ጥይቱ 12.8 ግራም በሴኮንድ ከ750 ሜትር በላይ ይልካል። ከደርግ ዘመን ወዲህ በብዛት የታወቀው ክላሽንኮቭ 8 ግራም ያህል በሴኮንድ 715 ሜትር ይልካል። በጉልበት ቢመዘኑ ማውዘሩ ወደ 3600 ጁል፣ ውጅግራው ወደ 2500፣ ክላሽንኮቩ ወደ 2000 ይሆናሉ። በቴይለር ስሌት ግን ውጅግራው 36፣ ማውዘሩ 23፣ ክላሽንኮቩ 13 ያህል ይወጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ከውጅግራ የቀደመው፣ ባለ 0.577 ኢንቹ ሰናድር ነው፤ እርሱ ወደ 50 ይጠጋል። የአያት መሣሪያ ከልጅ ልጁ መሣሪያ ወደ አራት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። በገጠር ሽማግሌ ስለ ውጅግራ የሚናገረውን ውዳሴ እንደ ናፍቆት ብቻ የሚቈጥር ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል።

የሆነ ሆኖ የመዘረር ቍጥሩ ለእሪያ የተበጀ አይደለም። ቴይለር ያሰበው በተለይ ስለ ዝሆንና ስለ መሰሎቹ ከባድ አራዊት ነው፤ አረሩ አንጎልን ቢስት እንኳ አውሬውን ለጊዜው አደንዝዞ የመጣል ኃይሉን ለመለካት ነው። ሌሎች ሰዎች ቍጥሩን ወስደው ለማንኛውም አውሬ መለኪያ ሲያደርጉት ጥፋቱ የእነርሱ ነው። ቴይለርን መንቀፍ የሚገባው በሌላ ነገር ነው። ክብደትን፣ ፍጥነትንና ስፋትን ሲያባዛ ርቀትና አካባቢ ከስሌቱ ወጥተዋል፤ ሰንጠረዡም በአየር ላይ ተንሳፎ ቀርቷል።

የጌዴኦ ጓሮ ምን ዐይነት ቦታ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳል። ከላይ ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ ዛፎች፣ ከመካከል እንሰት፣ ከሥር ቡና ተደራርበው ይበቅላሉ፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ቤቶቹም በአንድ መንደር ተሰብስበው ሳይሆን በየጓሮው ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። የሕዝቡ ብዛት በኢትዮጵያ ገጠር ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እንዲህ ያለውን አሠራር ስላከበረ ነው። በዚህ ዐይነት ጓሮ ውስጥ ከ30 እርምጃ በላይ አጥርቶ ማየት በቀንም አስቸጋሪ ነው። ከእንሰቱ ቅጠል በስተ ጀርባ ደግሞ ሌላ እንሰት፣ ከዚያም በስተ ጀርባ የሰው ግድግዳ አለ። የማውዘር ጥይት ምንም ካልከለከለው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የእሪያ ሥጋና የእንሰት ግንድ ደግሞ እርሱን ለማቆም የሚበቁ አይደሉም፤ የእንሰት ግንድ በውኃ የተሞላ የቅጠል እግር ነውና።

እዚህ ላይ ቤል ምን እንደሚል መስማት ይጠቅማል። እርሱ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሲሆን፣ ብዙዎቹን የጣለው ባለ 7 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ጥይት ነው። ትምህርቱም ዋናው የጥይቱ ስፋት ሳይሆን አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው የሚል ነው። ቃሉ ለራሱ እውነት ነው። ነገር ግን ቤል ዒላማውን በብርሃን አይቶ፣ የአውሬውን አጥንት አቀማመጥ አጥንቶ የሚተኩስ ሰው ነበር። በሌሊት በቡና ሥር የሚንኰሻኰሽ ጥላ አጥንቱ አይቈጠርም። የጓሮ ባለቤት የሚያየው ቅርጽ ጥጃ ይሁን ልጅ ይሁን እሪያ ይሁን ለመለየት በሚቸገርበት ሰዓት፣ የቤል ትምህርት ይበልጥ የሚያስገድደው እንዳይተኩስ ነው። ቤልን የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ይህን የትምህርቱን ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል።

ለውጅግራውም ቢሆን ያለ ነቀፋ መፍረድ አይገባም። በጥቍር ባሩድ የሚሠራ ስለ ሆነ በዝግ አየር አንድ ጊዜ ከተኰሰ በኋላ ጢሱ ዐይን ይጋርዳል፤ ተኳሹም የቈሰለው አውሬ ወደ የት እንደ ዞረ አያይም። የቈሰለ እሪያ ደግሞ ወደ ሰው የሚዞር ነው። በሌላ ወገን ቀለሁን በእጅ እንደ ገና መሙላት ስለሚቻል፣ ጥይት ለሚቸግረው ገበሬ ከፋብሪካ ጥይት የቀለለ ነበር። ይህ የዋጋ ነገር በፈረንጆቹ መጻሕፍት ተራ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን ምርጫውን የሚወስነው እርሱ ነው። ምክንያቱም እሪያን የገደለ ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለም። ሥጋው ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በአብዛኛው የማይበላ ነው። ዝናም አያስገኝም፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ቅቤ ይቀባል፤ እሪያ ገደልሁ ብሎ በአደባባይ የፎከረ ጀግና ግን አይታወቅም። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የጻፉ የጀርመን ሊቃውንት የገዳይን ክብር ጠለቅ ብለው መርምረዋል፤ ክብር የሌለውን ግዳይ ግን በዚያው ትጋት የሚመረምር ጽሑፍ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥጋም ክብርም የማይሰጥ ግድያ የኪሳራ ሒሳብ ብቻ ነው፤ በኪሳራ ሒሳብ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጥይት ይቈጠራል።

ከአደን መጻሕፍት ወደ ታሪክ መጻሕፍት ሲታለፍ ጠመንጃው ሌላ መልክ ይይዛል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ ያወጣው ጽሑፍ፣ ነፍጥ እንዴትና በምን ያህል ብዛት ወደ አገር እንደ ገባ ለማወቅ ዛሬም መነሻ ነው። ቻርለስ ማክለላን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ጌዴኦ ከ1895 እስከ 1935 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የተያያዘበትን ሁኔታ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቷል። በዚያ ዘመን ነፍጠኛ የሚለው ስም ራሱ ከያዘው መሣሪያ የመጣ ነው፤ በገባሩ እጅ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ጦር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች ላይ ተነሥተው በሚጪሌ ሲዋጉም የመሣሪያው አለመመጣጠን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ጠመንጃን የሥልጣን ምልክት አድርገው ማየታቸው እንግዲህ ከሜዳው የተነሣ ነው፤ ልክም ናቸው። ነገር ግን አዳኙ ጠመንጃን ወደ አውሬ ብቻ፣ የታሪክ ጸሐፊው ወደ ሰው ብቻ አዙሮ ስለሚያየው፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ ወደ አውሬ ተተኩሶ ሰው የሚያገኘው ጥይት ከሁለቱም መጻሕፍት ውጭ ቀርቷል። ገባሩ ጠመንጃ ስላልነበረው እንሰቱን በጦር፣ በውሻ፣ በጕድጓድ፣ በአጥርና በጩኸት መጠበቁን እንደ ድህነት ብቻ መቍጠርም ስሕተት ነው፤ ከነዚህ ውስጥ አንዱም የጎረቤትን ግድግዳ አይበሳም።

ታዲያ የትኛው መጠን ይመረጥ? ጥያቄው በጀርመን አገር በሕግ ተመልሷል። የአደን ሕጉ ለዱር አሳማ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና በ100 ሜትር ላይ 2000 ጁል ጉልበት ይጠይቃል፤ በዚህ መሠረት ክላሽንኮቭ ገና ከአፈሙዙ ሲወጣ ወሰኑን ለጥቂት የሚነካ ስለ ሆነ ይወድቃል። ነገር ግን የጀርመን አዳኝ የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ከእንጨት ማማ ላይ ሆኖ ቍልቍል ነው፤ የሳተውንም ያለፈውንም አረር መሬቱ ይቀበለዋል። በብዙ የኢትዮጵያ አገር የሰብል ጠባቂ የሚቀመጥበት ማማም ይህንኑ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል፤ የሚታወቀው ግን ለማየትና ለመጮኽ ብቻ ነው። በተዳፋት ጓሮ ላይኛው እርከን ላይ የቆመ ሰው ያለ ማማም ቍልቍል ይተኩሳል። ከታች ወደ ላይ የሚተኩስ ግን አረሩን ከጋራው በላይ ወደማያየው ጓሮ ይሰዳል። እንዲህ ባለ ቦታ በ20 እርምጃ ውስጥ ከጠመንጃ ሁሉ የሚሻለው ባለ 12 ቍጥር የአደን ጠመንጃ በትልልቅ እርሳስ ተሞልቶ ነው። ፍንጣሪው ኃይሉን በቶሎ ያጣል፤ የሚሄድበትም ርቀት ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ከርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድና ዝግተኛ እርሳስ ነው። ማውዘሩ በእሪያው ላይ የሚጐድለው ነገር የለም፤ የሚጣለው ከእሪያው በስተ ጀርባ ስላለው ነገር ነው። ክላሽንኮቩ ግን በሁለቱም ይወድቃል፤ ለአውሬው ያንሳል፣ ለመንደሩ ይበዛል። በእጅ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እርሱ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል።

የሕጉም ነገር አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሁለቱም ለሚያስፈልግ ዓላማ የወጡ ናቸው። በጓሮው ዳር ቆሞ የእንሰቱ ሥር ሲቈረጠም የሚሰማ ሰው ግን የሁለት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኖ ያድራል። በጌዴኦ የጎረቤትን ጠብ የሚያየው የሶንጎ ሸንጎ በዚህ መካከል ምን እንደሚፈርድ፣ ማለትም እሪያ ለማባረር የተተኰሰ ጥይት የጎረቤትን ላም ወይም ልጅ ቢያገኝ ካሣው እንዴት እንደሚመዘን፣ ለሚመጣው ተማሪ ከውጅግራና ከማውዘር ስም ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅም ጥናት ነው። ለዚህም ተማሪው ከመጠየቂያ ወረቀቱ ጋር የመለኪያ ገመድ ይዞ መሄድ ይኖርበታል፤ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ጎረቤቱ ምሰሶ ስንት እርምጃ እንደ ሆነ፣ ከመካከሉም ስንት እንሰት እንደ ቆመ ማንም በሰንጠረዥ አላስቀመጠለትምና።