ልክን ማወቅ

የድጓ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቃሉ በጉልህ ፊደል ይጻፋል፤ ከቃሉ በላይ ደግሞ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ፊደላትና ጭረቶች በየመስመሩ ተሰድረው ይገኛሉ። እነዚህ ምልክቶች ራሳቸው አይዜሙም፤ ዳሩ ግን ይዘቱንና ቁርጡን፣ ድፋቱንና ርክርኩን እየለዩ ዜማው እንዴት እንዲሄድ የሚያዝዙት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ያለ እነርሱ ቃሉ ይነበባል እንጂ አይዜምም። በልጅነቴ ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጬ የሰማሁትን ይህን ትምህርት ከብዙ ዘመን በኋላ ያስታወሰኝ፣ በጀርመን አገር በምኖርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚገኝ፣ በገመድ የተተበተበ የሞዱላር ሲንተሳይዘር ሣጥን ነው። በዚህ መሣሪያም ዘንድ የሚሰማውን የሚመራው የማይሰማው ነውና።

በሣጥኑ ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ሁለት ግብር አለው። አንደኛው ድምፅ ማጉያው ዘንድ ደርሶ በጆሮ ይሰማል፤ ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ ቮልቴጅ የሚባለው ግን ራሱ ሳይሰማ፣ ድምፅ አመንጪው ኦሲሌተር በምን ከፍታ እንዲያዜም፣ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተር ምን ያህል እንዲከፈት፣ ድምፁ መቼ እንዲገንና መቼ እንዲከስም ያዝዛል። ግብራቸው ቢለይም ባሕርያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቮልቴጅ ናቸው። ሮበርት ሙግ ከአቀናባሪው ከኸርበርት ዶይች ጋር ተመካክሮ የመጀመሪያዎቹን ሞጁሎች የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ አንድ ቮልት በተጨመረ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይውጣ የሚለው የሙግ ልክ ዛሬም በብዙዎቹ መሣሪያዎች ዘንድ ሕግ ሆኖ ይኖራል። በዚያው ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ ዶን ቡክላ፣ ለሞርተን ሱቦትኒክና ለራሞን ሴንደር ባበጀው መሣሪያ፣ የሚሰማው በአንድ ዓይነት ገመድ፣ የሚያዝዘው በሌላ ዓይነት ገመድ እንዲሄድ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲተር ዶፕፈር በጀርመን አገር ኤ-100 የተባለውን ሥርዐት ካወጣ ወዲህ ግን፣ ቁመቱ 128.5 ሚሊሜትር የሆነውና በ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ የሚያያዘው ዩሮራክ የተባለው ልክ በየአገሩ ተስፋፍቷል፤ በዚህም ማናቸውም መውጫ ወደ ማናቸውም መግቢያ ሊሄድ ስለሚችል፣ ነጻነቱ በሰፋ መጠን ልክን የማወቁ ሸክም በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ይህን ሸክም የሚያግዙት ዩቲሊቲ የሚባሉት፣ እኔ ረዳት ሞጁሎች ብዬ የምጠራቸው ናቸው። አንዱ ቮልቴጅን ይቀንሳል፤ ሌላው ይገለብጣል፤ ሌላው በላዩ ይጨምራል፤ ሌላው ያካፍላል፤ ሌላው ያለዝባል። አንዳቸውም ብቻውን ቢሰካ ድምፅ ስለማያወጣ፣ አዲስ ገቢ በመደብር ቆሞ ሲመርጥ ዐይኑ ከእነርሱ ላይ አያርፍም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገንዘቤን ሁሉ በኦሲሌተርና በፊልተር ላይ አፈሰስሁ፤ ድምፅ የሚያወጡ ሰባት ሞጁሎች ነበሩኝ፤ የሚያስማማቸው ግን አንድም አልነበረኝም። የሠራሁት ዜማ ሁሉ ወይ ይጮኻል ወይ ይደርቃል እንጂ ነፍስ አልነበረውም፤ ምክንያቱንም ከመሣሪያው ማነስ ቆጥሬ ሌላ ኦሲሌተር እጨምር ነበር።

የዚህ ስሕተቴ ፈውስ አቴኑዌተር የሚባለው፣ አንድ መግቢያ፣ አንድ ማዞሪያና አንድ መውጫ ብቻ ያለው ትንሽ ሞጁል ሆነ። ኤልኤፍኦ የተባለው ዝግተኛ ሞገድ ብዙ ጊዜ ከ-5 እስከ +5 ቮልት ይመላለሳል፤ ይህንኑ እንዳለ ወደ ኦሲሌተሩ ከፍታ ቢሰዱት፣ አንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ ነውና፣ ድምፁ ዐሥር ኦክታቭ እየወጣና እየወረደ እንደ እሳት አደጋ መኪና ይጮኻል። በሰው ድምፅ ላይ የሚሰማውን ለስላሳ ንዝረት ለማግኘት ግን የአንድ ሴሚቶን አንድ አምስተኛ ያህል ከፍና ዝቅ ማለት ይበቃል፤ ሴሚቶን የቮልት አንድ ዐሥራ ሁለተኛ፣ ማለት 83 ሚሊቮልት ያህል ስለ ሆነ፣ የሚፈለገው 17 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአምስቱ ቮልት ከሦስት መቶ አንዱ እጅ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥበቡ ያለው ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙን እጅ በመተው ላይ ነው። በአንድ ማዞሪያ ይህን ያህል ጥቂት መያዝ ስለሚያስቸግር፣ ሁለት አቴኑዌተር አከታትዬ በመጀመሪያው ወደ ዐሥረኛ እጁ አወርደውና ከዚያ ሠላሳኛውን በሁለተኛው እፈልገዋለሁ፤ ማዞሪያዋ በጣት የሚታወቅ፣ በዐይን ግን የማይለይ ያህል ፈቀቅ ስትል፣ ብረት ብረት ይል የነበረው ድምፅ እስትንፋስ ያገኛል።

ሁለተኛው ረዳት ኦፍሴት ነው፤ ሥራውም በሚመጣው ቮልቴጅ ላይ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ጨምሮ ስፍራውን ማዛወር ነው። የድምፁን ጉልበት የሚገዛው ቪሲኤ ከዜሮ እስከ 5 ቮልት ያለውን ብቻ የሚቀበል ቢሆን፣ ከ-5 እስከ +5 የሚመላለሰውን ሞገድ እንዳለ ስንሰጠው ድምፁ ግማሹን ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ሞገዱን ግን በእኩሌታ ቀንሰን ከ-2.5 እስከ +2.5 ብናደርገውና 2.5 ቮልት ብንጨምርበት፣ ከዜሮ ተነሥቶ 5 ላይ የሚደርስ የተስማማ ትእዛዝ ይሆናል። ከእነዚህ ጋር የሚዛመደው አቴኑቨርተር ደግሞ ማዞሪያው መካከል ላይ ሲሆን ዜሮ ይሰጣል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ቮልቴጁን እንዳለ ያሳልፋል፤ ወደ ግራ ሲዞር ገልብጦ ያሳልፋል። ያንኑ የተስተካከለ ሞገድ በአቴኑቨርተር ገልብጬ 5 ቮልት ስጨምርበት፣ አንደኛው ሲወጣ የሚወርድ፣ ሲወርድ የሚወጣ ሁለተኛ ትእዛዝ አገኛለሁ፤ ሁለቱን ለሁለት ቪሲኤ ብሰጥ፣ በማኅሌት በግራና በቀኝ ቆመው እንደሚቀባበሉ መዘምራን አንዱ ድምፅ ሲገን ሌላው ይከስማል። ሁለቱን ድምፅ የሚያቀባብላቸው አንድ ሞገድና ጥቂት የመደመርና የመቀነስ ስሌት ብቻ ነው፤ ሰሚው ግን ሁለት ሰዎች ተራቸውን የሚጠባበቁ ይመስለዋል።

ቮልቴጅን ለብዙ ማካፈልም ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ነገር ነው። ቡክላ ለመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ የመረጠው፣ ኋላም ሰርጅ ቸረፕኒን የተጠቀመበት ባናና የተባለው መሰኪያ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደራረብ፣ ለማካፈል ሌላ ሞጁል አይሻም። በዩሮራክ ግን መልቲፕል የሚባለው ያስፈልጋል፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ብቻ የሚያገናኝ ሲሆን፣ ሌላው በየመውጫው በፈር የሚባል፣ የመጣውን ቮልቴጅ ሳያደክም የሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው። ልዩነታቸውን የተማርሁት በድካም ነው። ለአንድ ቀረጻ ስዘጋጅ አንዱን ኦሲሌተር ከኪቦርድ ጋር በሚገባ አስማምቼ ነበር፤ ሁለተኛውን በሽቦው መልቲፕል አካፍዬ ስጨምር ግን፣ ከታች ያሉት ኖታዎች ደኅና ሆነው ሳሉ ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ሁለቱም ከኪቦርዱ እየጎደሉ ሄዱ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ኦሲሌተሮቹን በጠመንጃ መፍቻ ስነካካ አደርሁ፤ ጥፋቱ ግን የእነርሱ አልነበረም። ቮልቴጁን የሚሰጠው የኪቦርዴ መውጫ 1,000 ኦም፣ የየአንዳንዱ ኦሲሌተር መግቢያ 100,000 ኦም ነበረ፤ አንዱ ሲሰካ ከአንዱ ቮልት 0.990 ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ሲሰኩ ግን 0.980 ብቻ ይደርሳቸዋል። ይህች ከመቶ አንድ የማትሞላ ጉድለት በአንድ ኦክታቭ ላይ የሴሚቶን አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ስለ ሆነች ጆሮ ሊያልፋት ይችላል፤ በአራት ኦክታቭ ላይ ተደምራ ግን ግማሽ ሴሚቶን ልትሞላ ጥቂት ይቀራታል። በፈር ያለበትን መልቲፕል በተካሁ ጊዜ ሁለቱም ኦሲሌተሮች ወደ ስፍራቸው ተመለሱ፤ እኔም ድምፅ በተበላሸ ጊዜ ከሚጮኸው አስቀድሜ በጸጥታ የሚያገለግለውን መመርመር ልማዴ ሆነ።

ሰርጅ ቸረፕኒን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በጀመረው መሣሪያ ውስጥ፣ ስሎፕ ጄኔሬተር የተባለው አንዱ ሞጁል እንደ ገመዱ አሰካክ አንድ ጊዜ የድምፁን መግነንና መክሰም የሚቀርጽ ኤንቨሎፕ፣ አንድ ጊዜ ኤልኤፍኦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የቮልቴጅ ማለዘቢያ ይሆናል። ማለዘቢያ ማለቴ ከአንዱ ቮልቴጅ ወደ ሌላው በድንገት የሚዘለውን ትእዛዝ በጊዜ ውስጥ እየተንሸራተተ እንዲደርስ ማድረጉ ነው። ክራር ሲመታ እያንዳንዱ ድምፅ በየደረጃው ለብቻው ይቆማል፤ የመሰንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን ከጭራው ሳያነሣ ሲያንሸራትት፣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው መንገድ ራሱ ዜማ ይሆናል። ማለዘቢያውም ለኦሲሌተር የሚሰጠው ይህንኑ መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲያጥር ቅልጥፍና፣ ሲረዝም ኀዘን ይሰማበታል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የፈተነኝ በኳንታይዘር የትዝታን ቅኝት ለማውጣት የሞከርሁ ጊዜ ነው። ኳንታይዘር የመጣለትን ቮልቴጅ ከተፈቀዱለት ደረጃዎች ወደ ቅርቡ የሚያስጠጋ ረዳት ሲሆን፣ እኔም ከዐሥራ ሁለቱ ሴሚቶኖች አምስቱን ብቻ፣ ማለት 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583 እና 0.750 ቮልትን ፈቀድሁለት። ሳምፕል ኤንድ ሆልድ የተባለው ሞጁል በየምቱ ከነፋሻው የኖይዝ ድምፅ አንድ ቮልቴጅ እየቆነጠረና እስከሚቀጥለው ምት እየያዘ ይሰጠዋል፤ ኳንታይዘሩም ያን ዕውር ዕጣ በአምስቱ ደረጃዎች ያሳርፈዋል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ትዝታ ግን ገና አልሆነም። ዐሥራ ሁለቱ እኩል ክፍሎች የፋብሪካ ልክ ናቸው፤ ክራሩን ሲቃኝ በጆሮው የሚፈርደው ሰው ለእነርሱ አልማለም። ስለዚህ ከኳንታይዘሩ በኋላ ማለዘቢያ ጨመርሁ፤ ሦስተኛው ደረጃ በተመታ ጊዜ ብቻ ጥቂት ሚሊቮልት እንዲቀነስለትም አደረግሁ፤ ጆሮዬ እስኪረካ ድረስ ያን ማዞሪያ ስፈልግ አንድ ሙሉ ሰንበት አለፈ። ያን ዕለት የተረዳሁት፣ ሥርዐቱን ለዜማው የሚሰጠው መሣሪያው ቢሆንም፣ ከሥርዐቱ በምን ያህል ፈቀቅ እንደሚባል የሚወስነው በልጅነቱ ያንን ዜማ የሰማ ጆሮ መሆኑን ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ይህን ሥራ ለመማር ወደ ቤቴ መጣ። ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ኦሲሌተር፣ አንድ ኤልኤፍኦና ሁለት አቴኑዌተር ብቻ አስቀርቼ የቀረውን በጨርቅ ሸፈንሁበት። “ጋሼ፣ በዚህ ብቻ ምን ይሠራል?” አለኝ። “ይህ ድምፅ እስኪተነፍስ ድረስ ጠብቅ” አልሁት። መጀመሪያ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋውና ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፤ ቀነሰው፤ አሁንም በዛ፤ ደግሞ ቀነሰው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲደክም ቆይቶ፣ በሁለት ጣቱ ጫፍ ጥቂት እንደ ነካው፣ ቀጥ ብሎ ይነፋ የነበረው ድምፅ ለስለስ ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጁም ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ ከቆየ በኋላ ሳይታወቀው እርሱም ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ሊጨምርበት እጁን ዘረጋ፤ እኔም እጁን ያዝሁት።