ስለ አጭሩ ገመድ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው በቦረና ደጋ የኢንተርኔት መስመር በየቤቱ እያስገባ የሚኖር ባለሙያ፣ ሰዎች ስለ ሩቁ ሲጠይቁት ይውላል፤ መስመሩ ከደሴ በአቀስታ በኩል ነው ወይስ ዐባይን ተሻግሮ ከጎጃም የሚመጣው፣ ፋይበር የሚባለው የብርጭቆ ክር ብርሃንን እንዴት ይሸከማል እያሉ። ከሞደሙ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ስለሚደርሰው ስለ አንድ ሜትር ተኩሉ ገመድ ግን የሚጠይቅ አይገኝም፤ ምንም እንኳ ቤተ ሰቡ «ኔትወርክ የለም» እያለ የሚያማርርበት ጥፋት፣ ሲመረመር፣ ከዚያው ከአጭሩ ገመድ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት ባይሆን።

ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ረዥሙን መስመር የሚዘረጉት ልኩን ዐውቀው፣ መሣሪያ ይዘው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትነው የሚያስረክቡ የሙያው ሰዎች ሲሆኑ፣ አጭሩ ገመድ ከሞባይል ቻርጀርና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አብሮ ተሰቅሎ፣ «ኦርጅናል ነው» በሚል በአንድ ቃል ብቻ ተመስክሮለት ይሸጣል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ካምፓስ ካቋቋመ ወዲህ መምህሩም ተማሪውም በየኪራይ ቤቱ ይህን ገመድ ይፈልጋል፤ መርምሮ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው።

ልብሱን ገፍፎ ውስጡን ለሚያይ ሰው ገመዱ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ እነዚህም ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ የተከረሩ ናቸው፤ ኅብራቸውም ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጭ ዝንጉርጉር ባልንጀራ አለው። የደጋው ሰው የበግ ጠጉር ፈትሎ ሲያከር ለባናው ጥንካሬ ነው፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ግን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. የተከረረውን ጥንድ ሽቦ በስሙ ሲያስመዘግብ የፈለገው ጸጥታን ነበር። በአጠገብ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ የሚያስነሣው ሁከት በተከረሩት በሁለቱ ላይ በእኩል መጠን ያርፋልና፣ ተቀባዩ መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሲያነብብ፣ እኩል የሆነው ሁከት ተጣፍቶ መልእክቱ ብቻውን ይቀራል። ጥንዶቹም የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንዳይገባ እያንዳንዱ በተለያየ ጥብቀት ይከረራል።

ገበያው ግን የሚያወድሰው የገመዱን የደረጃ ቁጥር ነው፤ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 7፣ ካት 8 እየተባለ ሲነገር፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኢንተርኔቱ የሚፈጥን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእውነት የተሠራ ካት 5ኢ በሴኮንድ 1000 ሜጋ ቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል፤ ካት 6 ደግሞ 10 ሺህ ሜጋ ቢትን እስከ 55 ሜትር ይሸከማል፤ በየቤታችን የሚገባው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ሜትር ተኩል ከካት 6 በላይ መክፈል፣ በእኔ አስተያየት፣ ለሻጩ መመጽወት ነው። «ካት 7» ተብሎ ተራው አርጄ 45 ኮኔክተር የተገጠመለት ጠፍጣፋ ገመድማ፣ ደረጃው ሌላ ዓይነት ኮኔክተር ስለሚጠይቅ፣ ከመጀመሪያውም ስሙ አይገባውም።

ሁለተኛው ነገር ማዕድኑ ነው። መልካሙ ገመድ ጥሩ መዳብ ሲሆን፣ ርካሹ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በመዳብ የተለበጠ ነው። ከጥቅል የሚቈረጥ ገመድ ከሆነ ጫፉን በምላጭ ፍቆ ማየት ይበቃል፤ ከመዳቡ ቅብ ሥር ነጭ ብረት ከታየ ነገሩ ተገለጠ። ጫፉ ተገጥሞ የሚሸጠውን አጭር ገመድ ግን መፋቅ አይቻልም። እዚህ ላይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ የማይቀበሉትን እናገራለሁ፤ እነርሱ እንደሚሉት አሉሚኒየሙ ኢንተርኔቱን የሚያዘገየው ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ የመዳቡን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚሆን ነው፤ ይህም በሰማንያ ሜትር መስመር ላይ፣ ይልቁንም ካሜራ ኃይሉን በገመዱ በኩል በሚቀበልበት ቦታ፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ100 ሜትር ላይ የሙያው ሥርዐት የፈቀደው የአንዱ ሽቦ የመቋቋም ልክ 9.38 ኦም ሲሆን፣ ይህ በአንድ ሜትር ተኩል ወደ 0.14 ኦም ይወርዳል፤ የአሉሚኒየሙም 0.22 ኦም ያህል ቢሆን፣ በዚህ ልዩነት የሚታወክ ኮምፒዩተር የለም። አጭሩ ገመድ የሚሞተው በመካከሉ ሳይሆን በጫፉ ነው።

በኮኔክተሩ ውስጥ ስምንት በወርቅ የተለበጡ ስለቶች ስምንቱን ሽቦዎች ወግተው ይይዛሉ። አሉሚኒየም ሲተጣጠፍ ፈጥኖ የሚሰበር፣ በስለቱ ጭነት ሥር እየላላ የሚሄድ፣ አየር ሲያገኘውም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ዝገት የሚለብስ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ የሚገለጠው በዚህች ጠባብ ቦታ ነው። ጉዳቱም ራሱን ይሸሽጋል፤ ለ100 ሜጋ ቢት ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ሲበቁ፣ ለ1000ው ግን አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉና፣ ቡናማው ቢላቀቅ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ መስመሩም ስላልተቋረጠ ባለቤቱ አያውቅም። ከዚህም የሚከፋው ሽቦዎቹን ጥንድ በጥንድ በተራ ደርድሮ የገጠመ ሰው ሥራ ነው፤ ሥርዐቱ አረንጓዴውን ጥንድ በሦስተኛውና በስድስተኛው ቦታ ከፍሎ ሰማያዊውን በመካከል ያስገባልና፣ ያን የማያውቅ ሰው በገጠመው ገመድ ላይ ርካሹ መፈተኛ ስምንቱንም መብራት ቢያበራ እንኳ፣ ክራቸው የማይጠብቃቸው ሽቦዎች ሁከቱን ሁሉ ይቀበላሉ።

ስለዚህ ገዢው ገመዱን ከመጠቅለያው አውጥቶ ጫፉን በብርሃን ፊት ይመልከት። የውጭው ልብስ ወደ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በፕላስቲኩ ጥርስ ተነክሶ መያዝ አለበት፤ ባለ ቀለሞቹ ሽቦዎች ከውጭ የሚታዩበትን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ ይመልሰው። ስምንቱ ስለቶች ከፍታቸው እኩል ይሁን፤ ምላሱም ሲጫኑት ታጥፎ ሲለቁት የሚመለስ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ለሚንቀሳቀስ ገመድ እያንዳንዱ ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራው ይሻላል፤ ባለ አንድ ወጡ ሽቦ ቦታው ግድግዳ ላይ ነው። ለዚህም ነው ጥቅል ቈርጬ በእጄ ከምገጥምለት ይልቅ፣ የራሴን ገቢ እየቀነስሁም ቢሆን፣ በፋብሪካ የተገጠመውን እንዲገዛ የምመክረው።

በብረት ወረቀት የተሸፈነውን ገመድ ለመብረቅ መከላከያ ብለው የሚገዙ አሉ። ሽፋኑ ከምድር ጋር ካልተያያዘ ሥራው ከንቱ ነው፤ በጭቃ ቤቶቻችንም ሶኬቱ ብዙ ጊዜ የምድር ሽቦ የለውም። በክረምት ሰማዩ ሲያጉረመርም የሚጠቅመው የሞደሙን የመብራት ገመድ፣ አሮጌው የመዳብ የስልክ መስመር ከሆነም እርሱን ጭምር መንቀል ነው፤ ብርጭቆው ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የስልኩ ቀጭን ገመድ በኢንተርኔቱ ፖርት ውስጥ ይገባልና ልጆች እንዳይሰኩት ይጠበቅ፤ የዳርና የዳሩን ስለቶች ሊያጣምም ይችላል።

ርዝመቱን በሲባጎ ለክቶ መግዛት ይገባል፤ ይኸውም በጠረጴዛው እግር ዞሮ፣ አይጥ ከሚመላለስበት ከግድግዳው ሥር ከፍ ብሎ በሚሄድበት መንገድ ሆኖ፣ ለበዓል ቤቱ ሲሰናዳ ጠረጴዛው ፈቀቅ ቢል ኮኔክተሩ እንዳይሳብ ግማሽ ሜትር ተጨምሮበት ነው።