ፋይሉ ሲሻገር ታሪኩ እንዳይቀር

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ፣ ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጥያቄ የሥራውን ታሪክ የያዘለት ሥርዓት የትኛው ነው የሚለው ነበር። ሥራው በሰብቨርዥን የሚያዝ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ኮሚት (የሚመዘገብ ለውጥ) ሩቅ ካለ ሰርቨር ደርሶ መመዝገብ አለበት። መስመር ከሌለ ፋይሉን ማረም ይቻላል፤ እርማቱን መመዝገብ ግን አይቻልም፣ ካቻምና ማን ምን እንደለወጠም ማየት አይቻልም። ሥራው በጊት የሚያዝ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ በሙሉ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ኮሚት ይደረጋል፣ ብራንች ይከፈታል፣ የቆየው ይገለበጣል፤ መስመር ሲመጣ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይላካል።

ስለዚህ በቦረና፣ በሳይንት ወይም በወግዲ ለሚሠራ ባለሙያ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት መሻገር ፋሽን መከተል አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ በየወረዳው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ገብቷል፤ ሰርቨሮቹ ግን የሚገኙት ሌላ ቦታ ነው። በመካከል ያለው መስመር እስከሚመለስ ድረስ ሥራ የማያስቆም መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሌላው ዓለም የተሻገረው በራሱ ምክንያት ነው። ከሰብቨርዥን በፊት የነበረው ሲቪኤስ በ1986 እ.ኤ.አ. በዲክ ግሩን ተጀመረ። ሰብቨርዥን በ2000 ተጀምሮ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጹ በ2004 ወጣ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር በነፃ መሰጠቱ ሲቀር፣ በኤፕሪል 2005 ጊትን ጻፈ። ፓይተን ብቻውን ሦስት ጊዜ ተሻግሯል፦ በ2005 ወደ ሰብቨርዥን፣ በ2011 ወደ መርኩሪያል፣ በ2017 ወደ ጊት። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2ም ኮዱ ቀድሞ ባዛር በሚባል ሥርዓት ይያዝ ነበር፤ ዛሬ ያለው ጊት ላይ ነው።

ፋይሎቹን ብቻ ማዛወር ከባድ አይደለም። የመጨረሻውን ቅጂ ማውጣት፣ አዲስ ሪፖዚተሪ መክፈት፣ «የመጀመሪያ ኮሚት» ብሎ ማስገባት፤ ሻይ ተፈልቶ ሳይቀርብ ያልቃል። ብዙ ቦታም የሚደረገው ይኸው ነው። ግን የስምንት ዓመት ሥራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ መስሎ ይቀራል። የደመወዝ ስሌት ውስጥ ጳጉሜን ለብቻዋ የሚያይ አንድ መስመር ቢኖር፣ ማን፣ መቼ፣ በማን ጥያቄ እንዳስገባው የሚናገረው ታሪኩ ነበር። ታሪኩ ከሌለ ቀጣዩ ሠራተኛ መስመሩን ስህተት ነው ብሎ ያጠፋዋል፤ ጳጉሜ ስትደርስ ደመወዙ ይዛነፋል። ሙያው የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚሉትን ከፋይሉ ጋር ማሻገር።

ደቡብ ወሎ ይህን ጉዳይ ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል አለ። መጽሐፉ ወንጌል ብቻ የያዘ አይደለም። ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደተሰጠ የሚናገር ጽሑፍና ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የተጨመሩ ማስታወሻዎች አብረውት ይኖራሉ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በአገሪቱ ብራና እየዞረ ሲያነሳ፣ ይህ ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ከ1976 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በዚያ ተቀምጠው እነዚህን ፊልሞች ካነበቡትና ካታሎግ ከጻፉላቸው ሰዎች ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ።

ከዘጠኝ ሺህ በላይ ብራና ነው የተነሳው። ይህ ታላቅ የማሻገር ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጦርነት፣ በእሳትና በስርቆት የጠፉ መጻሕፍት ዛሬ የሚነበቡት በእሱ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። ጸሐፊው ቅዱሳን ስሞችንና የምዕራፍ መጀመሪያዎችን በቀይ ቀለም ሲለይ፣ ፊልሙ ላይ ቀዩ ከጥቁሩ ብዙም አይለይም። ፊልሙ በኋላ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ደግሞ የትኛውም ጥሩ ስካነር ያንን ቀይ መልሶ ሊያመጣው አልቻለም፣ ምክንያቱም ስካነሩ የሚያየው ፊልሙን እንጂ ብራናውን አይደለም። በመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ የቀረ ነገር በሁለተኛው አይገኝም። ከሲቪኤስ ተነስቶ በሰብቨርዥን አልፎ ወደ ጊት የሚመጣ ኮድም ይህንኑ ዕዳ ይዞ ነው የሚመጣው። ሲቪኤስ የየፋይሉን ለውጥ ለየብቻ ስለሚመዘግብ፣ መቀየሪያው ፕሮግራም የአንድ ሰው፣ ተመሳሳይ መልእክትና ተቀራራቢ ሰዓት ያላቸውን ለውጦች አንድ ላይ ሰብስቦ «ይህ አንድ ኮሚት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግምት መሆኑ ግን አይቀርም።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያው ጥበብ ከሩቁ ሰርቨር ላይ በቀጥታ አለመቀየር ነው። ጊት ኤስቪኤን የሚባለው መሣሪያ ሪቪዥኖቹን፣ ማለትም ሰብቨርዥን በቁጥር የመዘገባቸውን ለውጦች፣ አንድ በአንድ ነው የሚያመጣው፤ መስመሩ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ግን በቀጭን መስመር ላይ ቀናት ይወስዳል። ሰርቨሩ ያለበት ቦታ የሙሉ ታሪኩን ግልባጭ በአንድ ፋይል አውጥቶ፣ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይዞ፣ መካነ ሰላም ላይ ያለ ኔትወርክ መቀየር ይሻላል። ሲሳሳቱም እንደገና ለመጀመር ማንንም መለመን የለም። መቀየሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንዴ አይሳካም።

ከዚያ ስሞቹ ይመጣሉ፤ ብዙው ጊዜ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ሰብቨርዥን ስለ ለዋጩ የሚያውቀው አጭር የመግቢያ ስም ብቻ ነው። ጊት ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። ስለዚህ በግራ የድሮው መግቢያ፣ በቀኝ ሙሉ ስም ከነኢሜይሉ የተጻፈበት አንድ ፋይል ይዘጋጃል፤ መሣሪያው በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስም ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል፣ መቆሙም ትልቅ ደግነት ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች ይህ የአንድ ገጽ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን የቤተሰብ ስም የለም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለው። ወሎ ውስጥ በአንድ ክፍል ሁለት መሐመድ አሊ መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ እስከ አያት ካልተጻፈ የሁለት ሰው ሥራ የአንድ ሰው ይሆናል። መግቢያው ላይ ቁጥር የተጨመረበት ስም ሲገኝ፣ ቁጥሩ ሁለተኛ ሰው ነው ወይስ ያው ሰው የይለፍ ቃል ረስቶ የከፈተው ሁለተኛ መግቢያ? ይህን የሚያውቀው ፕሮግራም አይደለም። ቡና ላይ ተቀምጦ የቆዩትን ሠራተኞች መጠየቅ ነው። ሁሉም ሰው «አድሚን» በሚል አንድ መግቢያ ሲሠራበት የኖረ መሥሪያ ቤት ካጋጠመ ደግሞ ምንም አይደረግም፤ ያ እንደ ቀዩ ቀለም ነው፤ ድሮውኑ ቀርቷል። ባለሙያው ያኔ «አድሚን» ብሎ እንዳለ ማሻገር አለበት እንጂ በግምት የሰው ስም መለጠፍ የለበትም።

ስሞቹን ቀድሞ ማጥራት የግድ የሚሆንበት ምክንያት የጊት አሠራር ነው። እያንዳንዱ ኮሚት የሚጠራው ከይዘቱ፣ ከስሙ፣ ከሰዓቱና ከቀዳሚው ኮሚት ተሰልቶ በሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው። የአንዱን ስም አንድ ፊደል ማረም የእሱንም ቁጥር፣ ከእሱ በኋላ ያሉትንም ሁሉ ይለውጣል። ሰዎች ክሎን ካደረጉ፣ ማለትም የራሳቸውን ሙሉ ቅጂ ከወሰዱ በኋላ ይህን ማድረግ የሁሉንም ሥራ ማወክ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሰብቨርዥን ሰዓትን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጊት ግን ለዋጩ የነበረበትን የሰዓት ቀጠናም ይይዛል። ዝም ብሎ ከተቀየረ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ተገብቶ የተሠራው ለውጥ 6 ሰዓት ከዜሮ ቀጠና ጋር ተብሎ ይታያል። ቅጽበቱ አልተሳሳተም። ግን ሌሊት የተሠራውን በሥራ ሰዓት ከተሠራው ለመለየት የሚሞክር ሰው በራሱ ሦስት ሰዓት መደመር፣ ከዚያ ወደ አገር ሰዓት መመለስ ይኖርበታል። መሣሪያው በአካባቢ ሰዓት እንዲጽፍ የሚያዝ አማራጭ አለ፤ ሁሉም ሠራተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበረ እሱን መጠቀም ተገቢ ነው። ውጭ አገር ያለ ወገን አብሮ ሲሠራ ከነበረ ግን የዜሮውን ቀጠና መተው የበለጠ እውነት ነው።

የአማርኛ ፋይል ስም ያለበት ሪፖዚተሪ ሲሻገር ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። «መዝገብ» የሚል ፋይል ጊት ዝርዝር ላይ በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ በቁጥሮች ተበታትኖ ይታያል፤ «መ» ብቻዋን 341፣ 210፣ 230 ትሆናለች። ስሙ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም፤ ቁጥሮቹ የ«መ» ሦስት ባይቶች በስምንት ቤት አቆጣጠር ተጽፈው ነው። ኮር ኳውትፓዝ የሚባለውን ማስተካከያ ማጥፋት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ፊደሉ ወዲያው ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ የአማርኛ ስሞችን በሙሉ በላቲን ፊደል መቀየር ያለ ምክንያት የሚደረግ ጥፋት ነው።

የውስጡ ጽሑፍ ግን እውነተኛ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቅጽ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሰው ይጽፍ የነበረው ፊደሎቹን በላቲን ፊደል ኮዶች ቦታ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ሲሻገሩ «በዚያው እናስተካክለው» የሚል ፈተና ይመጣል። ባይደረግ ይሻላል። ታሪኩ እንደነበረው ይሻገር፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጡ ከመሻገሩ በኋላ ራሱን የቻለ አንድ ኮሚት ይሁን፣ መልእክቱም የትኛው ፎንት በምን ሰንጠረዥ እንደተለወጠ ይናገር። የመለወጫው ሰንጠረዥ «ጸ»ን በ«ፀ» ተክቶ ከተገኘ፣ የሚመለሱበት ዋናው አለ።

ቋሚ የቅጽ ምልክት የሆነው ታግና የጎን የሥራ መስመር የሆነው ብራንችም የሰው ውሳኔ ይፈልጋሉ። ለሰብቨርዥን ሁለቱም የተገለበጡ ማህደሮች ናቸው፤ «ታግ» ተብሎ ከተሰየመ በኋላ ተጨማሪ ለውጥ የገባበት ብዙ ጊዜ ይገኛል። መሣሪያው ብራንች ያደርገዋል፤ እውነተኛ ታግ ይሁን አይሁን አንድ ሰው ይወስናል። ባዶ ማህደር ጊት ውስጥ አይገባም። ከባድ ቪዲዮና የመጫኛ ፕሮግራም ታሪኩ ውስጥ ካለ በእያንዳንዱ ክሎን ይደገማል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ግን የማይዘለል ነው፦ ጥቂት ሪቪዥኖችን ከድሮውም ከአዲሱም አውጥቶ ማህደር ለማህደር ማወዳደር። ልዩነት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ሰብቨርዥን ራሱ ፋይል ውስጥ የሚሞላቸው የቅጽ ቁጥርና የቀን ቁልፍ ቃሎች ናቸው፤ እነሱን ለይቶ ከቀነሰ በኋላ የቀረ ልዩነት ካለ ሥራው አላለቀም።

የተጠናቀቀውን ለማድረስ ጊት ባንድል የሚባል ትእዛዝ አለ። ሙሉ ሪፖዚተሪውን ከነታሪኩ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ከመካነ ሰላም በአውቶቡስ በፍላሽ ደሴ ይደርሳል፤ እዚያ ሙሉነቱ ይፈተሻል፣ ከዚያው ከፋይሉ ክሎን ይደረጋል። ከሳምንታት በኋላ የተሠራው አዲሱ ብቻ በሌላ ባንድል ይመለሳል።

ወደ ብራናዎቹ ስንመለስ፣ ሐምቡርግ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ 2040 የታቀደው፣ የየብራናውን መግለጫ እንደ ጽሑፍ ፋይል ጊት ላይ ነው የሚያኖረው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው የኢትዮ-ስፔር ፕሮጀክት መግለጫዎችም ወደዚያ ተሻግረዋል። እነዚህ ፋይሎች አንድ የሚደነቅ ነገር አላቸው። ጊት የሚመዘግበው እንዳለ ሆኖ፣ በፋይሉ ውስጥም ማን በየትኛው ቀን ምን እንደለወጠ ይጻፋል። ድግግሞሽ ነው፤ ሁለቱ ሊለያዩም ይችላሉ። ሆኖም ፋይሉ ነገ ወደ ሌላ ሥርዓት ቢሄድ፣ የሠሪዎቹ ስም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ለሁሉም ኮድ ባይሆንም፣ ለመዝገብና ለሰነድ ይህ ሊለመድ የሚገባ ነው።

የድሮው ሰርቨር ከመሻገሩ በኋላ አይጠፋም፤ እንዲነበብ ብቻ ይቆለፋል፣ ግልባጩም ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ጊት ኤስቪኤን በየኮሚቱ መልእክት ግርጌ የድሮውን ሪቪዥን ቁጥር የያዘ አንድ መስመር ይጨምራል። አንዳንዱ ባለሙያ ለንጽህና ሲል ይቆርጠዋል። መተው ይሻላል፤ በየፋይል ካቢኔቱ ያሉ ደብዳቤዎችና የብልሽት መዝገቦች «በሪቪዥን 1543 ተስተካክሏል» እያሉ ነውና፣ ፈላጊው ያቺን ቁጥር ጊት ታሪክ ውስጥ ሲፈልግ የሚያገኘው በዚያች መስመር ነው።