ስለ በሶ አመጣጥ የሚነገረው ቃል ሲመረመር

በሶ ከወዴት እንደ መጣ በተጠየቀ ጊዜ ብዙ ሰው «የዘማች ስንቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በተደረገው የዐድዋ ዘመቻም ሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመቻዎች ወታደሩ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ይነሣ ስለ ነበረ፣ በሶና ቆሎ በአቁማዳ ሆነው ከጋሻና ከጠመንጃ ጋራ ይጓዙ ነበር። ዳሩ ግን አንድን ምግብ ማን ይዞት እንደ ዘመተ መናገርና ማን እንደ ጀመረው መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስም ብቻውን ለአመጣጥ ምስክር አለመሆኑን ቆሎ ራሱ ያስረዳል። የቤተ ክህነት ትምህርት የሚማረው ወጣት «የቆሎ ተማሪ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን ቁራሽ እንጀራም ይቀበላል፤ ቆሎን የጀመረው እርሱ ነው የሚልም የለም።

ስለ ገብሱም እንዲሁ ያለ ስሕተት ደርሶ ነበር። የሩሲያው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የገብሱን ዐይነት ብዛት በተመለከተ ጊዜ፣ አገሪቱን ከገብስ መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በኋላ የተደረገው ምርምር ግን ገብስ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ መልመድ እንደ ጀመረ አሳይቷል። የዐይነት ብዛት የገበሬውን የረዥም ዘመን ጥበብ ይመሰክራል እንጂ መነሻን አያረጋግጥም።

ከስም ይልቅ የሚታመነው ምስክር አሠራሩ ነው። ገብሱ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ በሰፌድ ይበጠራል፣ በምጣድ ይቈላል፣ ከዚያም ተፈጭቶ ይነፋል። እንግዲህ እሳቱም፣ እንጨቱም፣ ድካሙም በቤት ያልቃል፤ በመንገድ የሚያስፈልገው ጥቂት ውሃና ጨው ብቻ ነው። እንጀራ ግን በጥቂት ቀን ይሻግታል። ስለዚህ በሶ ከምድጃ ርቆ ለሚውል ሠራተኛ ሁሉ የተስማማ ምግብ ነው፤ ይኸውም ለአራሹ፣ ለእረኛው፣ አሞሌ ጭኖ ለሚጓዘው ሲራራ ነጋዴና ለቀን ሠራተኛው ነው። የአርሲና የባሌ ኦሮሞዎች ይህንኑ ዱቄት በቅቤ አሽተው ጭኮ ያደርጉታል። የቲቤት ደገኞችም የተቈላ የገብስ ዱቄት ጻምፓ ብለው ይመገባሉ። እንዲህ ያለ ነገር ችግርና ብልሃት በየስፍራው የሚያስገኙት ነውና፣ አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ጦር ፈጠረው ማለት አያሻም።

ከዚህም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የዘማቹን ስም ብቻ የሚያነሣ ታሪክ ስንቁን የሰነቀችውን ሴት ይረሳል። እርስዋ ከመነሻው በፊት ስትቈላና ስትፈጭ ሰንብታለች፤ ብዙ ጊዜም ከሠራዊቱ ኋላ ተከትላ በሰፈሩ መካከል ፈጭታለች፣ ጋግራለች። ገብሱ ምን ያህል ቢቈላ እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው ዘር ገለባውን ቶሎ እንደሚለቅ የምታውቀው እርስዋ ናት።

ዛሬ በሶ በሞተር ወፍጮ ተፈጭቶ፣ በከረጢት ታሽጎ በከተማ ሱቅ ይሸጣል። የድንጋይ ወፍጮ የሚያውቁ እጆች ግን እያነሱ ሄደዋል። ስለዚህ የበሶን አመጣጥ የሚመረምር ሰው የጦር ዜናውን ከመጥቀሱ አስቀድሞ ወደ ማጀት ገብቶ የባልቴቶቹን ቃል ሊጽፍ ይገባዋል።