ስለ መመረቂያ ጽሑፍ፤ ለኋለኛው አንባቢ የሚተው የምስክር ቃል

በከፍተኛ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ዓመት የጀመረ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ፣ ነገሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከምረቃው በዓል በፊት የቆመ የመጨረሻ ፈተና አድርጎ ነው፤ አማካሪው አንብቦ ማርክ ከሰጠበት በኋላም ጽሑፉ አቧራ ሊለብስ ወደ መደርደሪያ እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለሚያስብ ድካሙን በዚያው ልክ ይመጥናል። እኔ በታሪክ ትምህርት ክፍል የብዙ ተማሪዎችን ሥራ በአማካሪነት እየመራሁ በቆየሁበት ዘመን የደረስሁበት አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ እውነተኛ አንባቢ አማካሪው አይደለም፤ ጸሐፊውም፣ መምህሩም፣ ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎችም ካለፉ በኋላ የሚመጣው፣ የሚጠራጠረው ነገር ቢኖር ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው የማያገኘው የኋለኛው ዘመን መርማሪ ነው። ይህን አንባቢ በዓይነ ኅሊናው ፊት አስቀምጦ የሚጽፍ ተማሪ፣ የጥናትን ሕግጋት ከመጽሐፍ ባይማራቸው እንኳ፣ አብዛኞቹን ከራሱ ከሥራው ጠባይ ይረዳቸዋል።

በአገራችን የዚህ ሥራ ዕድሜ ረጅም ባይሆንም ታሪኩ ክብር ያለው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ከተመረቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዲሬክተርነት ሲቋቋም፣ ተማሪዎች «ሲኒየር ኤሴይ» እያሉ የሚጠሩት ጽሑፍ ቅጂው በክብር የሚቀመጥበት ቤት አገኘ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ ስላሠራው፣ በመጽሐፍ ያላገኘውን አገሩን በእግሩ እንዲያውቀው አደረገ፤ ወደ ትምህርቱ የተመለሰውም የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዞ ነበር። የድኅረ ምረቃ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1978 እስኪጀመር ድረስ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተማሪ እጅ ከሚሠራው ምርምር የመጨረሻው ደረጃ ይኸው የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1847 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ በጻፉበት መጽሐፍ፣ ከምንጮቹ መካከል እነዚህ የተማሪዎች ጽሑፎች መቆጠራቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አመሠራረት፣ ስለ አንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ደብር ርስት ወይም ስለ አንድ የአርበኞች ጦር በጽሑፍ የቀረ ቃል ቢፈለግ፣ ከዚያ ከተማ የወጣ ልጅ በዕረፍቱ ወራት ወደ ወላጆቹ ተመልሶ የለቀመው ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመውና ተማሪውን እጅግ የሚያስቸግረው ጥያቄን መወሰን ነው። ወጣትነት ሰፊውን ነገር ይወዳልና፣ ለአማካሪው መጀመሪያ የሚቀርበው አርእስት «የኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት»፣ «የሴቶች ድርሻ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ»፣ «የትምህርት ታሪክ» የሚል ይሆናል። እንዲህ ያለው አርእስት የሚታይ እንጂ የማይታለብ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው፤ ተማሪው ስለ እርሱ የሚጽፈው ሌሎች የጻፉትን አሳጥሮ ከመድገም አያልፍም። እንግዲህ አማካሪው ቀስ በቀስ ማጥበብ አለበት፦ የትኛው አውራጃ? የትኛው ወረዳ? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት? ከማን ወገን? በዚህ መንገድ «የመሬት ሥሪት» የተባለው፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት እስከ ሆነበት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ በአንድ ደብር መሬት ላይ ግብርን ማን ይከፍል፣ ማን ይቀበል፣ በማን እጅ ያልፍ እንደ ነበር የሚመረምር ጥያቄ ይሆናል። ውኃ የሚገኘው አንዱን ጉድጓድ አጥልቆ በመቆፈር ነው፤ ሜዳውን ሁሉ ሲጭሩ ቢውሉ እጅ ከመቁሰል በቀር ትርፍ የለውም። የጠበበው ጥያቄ ሌላም በረከት አለው፤ መልሱን የሚያውቁት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ የትኛው ሣጥን ውስጥ ወረቀት እንዳላቸው ራሱ ያመለክታል።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ሰውን የመጠየቅ ጥበብ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ እወዳለሁ። በአገራችን ሽማግሌ የሚናገረውን ነገር በሦስት ደረጃ ያውቀዋል፦ በዓይኔ በብረቱ አየሁ የሚለው አንድ ነው፤ ካየው ሰው ሰማሁ የሚለው ሁለተኛ ነው፤ ሲወራ እሰማለሁ የሚለው ሦስተኛ ነው። የቀድሞው የችሎት ሥርዓት እነዚህን ጠንቅቆ ይለይ ነበር፤ ጀማሪው ተማሪ ግን ሦስቱንም በአንድ መዝገብ ቀላቅሎ «መረጃ ሰጪዎች እንደ ነገሩኝ» ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ተማሪዬ ከሽማግሌው ፊት ቁጭ ሲል፣ ቃሉን ከመጻፉ በፊት «አባቴ፣ ይህን እርስዎ በዓይንዎ አይተውት ነው፣ ወይስ ከአባትዎ ሰምተውት?» ብሎ በትሕትና እንዲጠይቅ አስተምረዋለሁ። ሽማግሌው በዚህ አይቀየሙም፤ እንዲያውም «ተባረክ ልጄ፣ እኔስ አልደረስሁበትም፣ የነገረኝ አጎቴ ነው» ብለው የአጎታቸውን ስም፣ ሹመትና የዋለበትን ጦርነት ሲጨምሩ፣ ተማሪው ያልጠበቀውን የቃሉን የትውልድ ሐረግ ያገኛል።

የዘመን ቁጥር ሌላ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ያገር ሰው ነገርን በቁጥር ከሚያስታውሰው ይልቅ በሆነው ነገር ያስታውሰዋል፦ በክፉ ቀን፣ በሰገሌ ዘመቻ፣ በኅዳር በሽታ፣ ጣሊያን የገባ ለት። አንዲት ባልቴት «ከሰገሌ ወዲህ ነው፤ ግን የኅዳር በሽታ ገና አልገባም፤ ዘመኑም ማርቆስ ነበረ» ቢሉ፣ ቸኩሎ «እ.ኤ.አ. 1920 ገደማ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የተሰጠውን ስጦታ አልተቀበለም። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሆነ፤ በሽታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ገባ፤ በመካከሉ የትኛው ዓመት ማርቆስ እንደ ሆነ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ያስረዳል። በ1910 ላይ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመር 7410 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። የሚተርፈው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ ነው፤ ምንም የማይተርፍ ሲሆን ዮሐንስ ነውና፣ የባልቴቷ ዓመት 1910 ዓ.ም. መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ይህን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመመለስ ደግሞ ወሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ በጥቅምት ከሆነ 7፣ በየካቲት ከሆነ 8 ይጨመራልና። የዓድዋ ድል በየካቲት 1888 ዓ.ም. ስለ ሆነ 1896 ተባለ፤ ሰገሌ በጥቅምት ስለ ሆነ 1916 ተባለ። ወሩን ሳይጠይቅ የመጣ ተማሪ የኋለኛውን አንባቢ በአንድ ዓመት ስሕተት ውስጥ ጥሎት ይሄዳል።

የኅብረተሰብ ጥናት ተማሪዎች በበኩላቸው መጠይቅ አሳትመው መበተንን ይወዳሉ። መጠይቅ በራሱ መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ ነገር ግን ወረቀትና ብዕር የያዘ ወጣት በገጠር ሲታይ ግብር ወይም ምልመላ የመጣ ይመስላልና፣ በተለይ የቀበሌ ሹም አብሮት ከቆመ፣ ገበሬው የሚመልሰው የሚያውቀውን ሳይሆን የማይጎዳውን ነው። ቃሉ በማን ፊት እንደ ተሰጠ ካልተጻፈ፣ የኋለኛው አንባቢ ያን ፍርሃት እንደ እምነት ይቆጥረዋል። የቋንቋና የሥነ ቃል ተማሪም እንዲሁ ጊዜን ማክበር አለበት፤ ልቅሶ በሌለበት ቤት ሙሾ አውርዱልኝ ብሎ መጠየቅ በብዙ ቦታ ሟርት ነውና፣ በደህናው ቀን ስለ አልቃሾቹ ጠይቆ፣ ሙሾውን ግን በቦታውና በሰዓቱ እስኪሰማው መታገሥ ይገባዋል።

ከሰው ቃል ጋር የሚመዛዘነው የጽሑፍ ምንጭ ተማሪው እንደሚያስበው ሁልጊዜ በትልቅ መዝገብ ቤት ብቻ አይገኝም። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ የቆዩ ጋዜጦች፣ «ብርሃንና ሰላም» ከ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይገኛሉ፤ አዋጅና ደንብም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። ነገር ግን አንድ ደብር መሬቱን ከማን እንዳገኘ፣ ማን ለማን እንደ ሸጠ፣ እነማን ዋስና እማኝ እንደ ሆኑ ለማወቅ የሚሻ በወንጌሉ ኅዳግና በባዶ ቅጠሉ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ አባቶቻችን ውል ያኖሩት መሐላ ካለበት መጽሐፍ ላይ ነውና። የገበሬው ሣጥን ደግሞ ሌላ መዝገብ ቤት ነው፤ የግብር ደረሰኙ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ እንደ ተመደበ ያሳያል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔውም ጎረቤቶች ለምን እንደ ተካሰሱ ይናገራል። እነዚህን ወረቀቶች ተማሪው ባለቤቱ ፊት ገልብጦ በቦታቸው ይመልስ፤ ተውሶ ይዞ መሄድ ግን የቤተ ሰቡን መብት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ሁለት ምስክሮች በሚለያዩበት ጊዜ ጀማሪ ጸሐፊ አንዱን መርጦ ሁለተኛውን ይጥላል፣ ወይም ሁለቱን አስማምቶ ማንም ያልተናገረውን ሦስተኛ ታሪክ ይፈጥራል። በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ከብዙ የዛሬ መጻሕፍት ይልቅ ጥሩ መሪዎች ናቸው። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ምሥጢር «አንድም» እያለ በየፈርጁ ይዘረዝራል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት አፈታት በተለያየበትም ልዩነቱን በየባለቤቱ ያቆየዋል እንጂ አያደባልቀውም። ተማሪውም የደጃዝማቹ ወገን የሚለውን በአንድ ወገን፣ የባላገሩ ወገን የሚለውን በሌላ ወገን ካኖረ በኋላ፣ የራሱን ፍርድ ከነምክንያቱ ለይቶ ይጻፍ። የጸሐፊው ፍርድ ነገ ሊሻር ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ግን እንደ ተነገሩ ከቆዩ ሌላ ፈራጅ ይጠቀምባቸዋል።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ሽማግሌው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በጉራጊኛ የተናገሩት ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ተለውጦ የመጀመሪያው ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ዋና ዋናው ቃል በተነገረበት ቋንቋ በአባሪነት እንዲጻፍ አጥብቄ አሳስባለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙዎች በመጨረሻዋ ሌሊት አስበውት በችኮላ የሚሞሉት የምስክሮች ዝርዝር አለ፤ ሙሉ ስም፣ የዕድሜ ግምት፣ የኖሩበት ቦታ፣ ሥራቸው ወይም ሹመታቸው፣ ቃሉን የሰጡበት ቀንና ቦታ፣ ስለ ምን ስለ ምን እንደ መሰከሩ የሚገለጥበት ነው። ስሙ እንዳይገለጥ የለመነ ሰው ቢኖር ፈቃዱ ይጠበቅለት፤ ይህም ራሱ ይጻፍ። እኔ የተማሪን ጽሑፍ ስቀበል መጀመሪያ የምከፍተው መቅድሙን ሳይሆን ይህን ዝርዝር ነው፤ የጸሐፊው ትጋትና ታማኝነት ከዚያ ይታወቃልና።

ስለ አማካሪው የምናገረው ጥቂት ነው። ተማሪ በምዕራፍ ሦስት ላይ ሳለ የማያነብ፣ በመጨረሻው ሳምንት ግን በቀይ ቀለም የሚያጥለቀልቅ አማካሪ ለተማሪው አልደከመም። ጽሑፍ በዋጋ አዘጋጅተው የሚሸጡ ሰዎች የሚበረቱትም ማስታወሻ ደብተሩን ማንም በማይጠይቅበት ቦታ ነው፤ በየወሩ «ማንን አነጋገርህ? ምን አለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ተማሪ የሌላውን ሥራ ገዝቶ ለማቅረብ መንገድ አያገኝም።

እንግዲህ የመጨረሻውን ዓመት የምትጀምር ወንድሜና እኅቴ፣ ምክሬ ይህ ነው፦ ከሚያውቁህ ሰዎች ሰፈር የሚነሣ ጠባብ ጥያቄ ምረጥ፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ፈጥነህ ሂድ፤ ያዩትን ከሰሙት ለይተህ ጻፍ፤ ዓመቱን ከነወሩና ከነዘመኑ ጠይቅ፤ የምስክሮችህን ስም ሙሉ አድርገህ አኑር፤ ስትመረቅም አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱን ቃሉን ላገኘህበት ከተማ ትምህርት ቤት ወይም ደብር ስጥ። ይህን ያደረገ ተማሪ፣ ማርኩ ምንም ያህል ይሁን፣ መርማሪ ሆኗል፤ ይህን ያላደረገ ግን ማዕርጉን ቢቀበልም ሥራውን ገና አልጀመረም።