ሰንጠረዡ ልጁን አያውቀውም

(በሥነ ልቦና ትምህርታችን ላይ የቀረበ አጭር ሂስ)

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ የአእምሮ ጤና ኮርስ ለሚከታተሉ ተማሪዎቻችን ስለምናድለው ሀንድአውት ነው።

ባለፈው ጊዜ ሁለት መምህራን ሆነን፣ የጉዞ ፈቃድ አውጥተን ናይሮቢ ገብተን ነበር። መሃል ከተማ፣ ቶም ምቦያ መንገድ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ሠላሳ ኮፒ አስነሳን። በአንደኛው ገጽ የልጅ ዕድገት ደረጃዎች ሰንጠረዥ፣ በሌላው የአንጎል ሥዕል አለ። ደስ ብሎን ተመለስን። ክፍል ውስጥ ግን ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን።

አንዲት ተማሪያችን ልጇን የወለደችው በስደት መንገድ ላይ ነው። ልጁ አሁን 3 ዓመት ሆኖታል። ሰንጠረዡን አንብባ ስትጨርስ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እንግዲህ የኔ ልጅ ‹መተማመን› የሚባለው ደረጃ አምልጦታል ማለት ነው? በቃ?» አለችን። እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያንን መልስ ፍለጋ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የሰንጠረዡን በጎ ጎን እንናገር። ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃዎች ከፍሎታል። የመጀመሪያው፣ ሕፃኑ የሚንከባከቡትን ሰዎች ማመን የሚማርበት ነው። ዣን ፒያጄ ደግሞ የልጅን አስተሳሰብ በ4 ደረጃዎች አስቀምጧል። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅን እንደ ትንሽ ትልቅ ሰው ከማየት ያድነናል። ይሁን እንጂ ኤሪክሰን፣ አንድ ደረጃ በደንብ ካልታለፈ በሩ ለዘላለም ይዘጋል አላለም። ጥያቄው በኋላ ዕድሜም ተመልሶ እንደሚመጣ ጽፏል። እሱ ራሱ በ1933 አውሮፓን ትቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። ሀንድአውቱ ይህን ሁሉ ቆርጦ ዕድሜና ደረጃ ብቻ አስቀርቷል። የመጀመሪያው ጉድለቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ አለመናገሩ ነው። ስለ እናትና ልጅ ቁርኝት ሲያወራ የሚጠቅሰው አሜሪካን ብቻ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ ግን እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ማጥናት የጀመረችው እዚሁ ጎረቤት ዩጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ፣ በ1954 እና 1955 ነው። መጽሐፉንም በ1967 አሳትማለች። ኬንያ ውስጥም ቻርልስ ሱፐር የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ኮክዌት በምትባል የኪፕሲጊስ መንደር ሕፃናትን አጥንቷል። መቀመጥና መራመድ ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ያህል ቀድመው ይጀምሩ ነበር። ምክንያቱም እናቶቻቸው ሆን ብለው ያለማምዷቸዋል። ባላለማመዷቸው ነገር ላይ ግን አልቀደሙም። እኛስ አገር «ዳዴ! ዳዴ!» እያልን አይደል ልጅ የምናስኬደው? እንግዲህ በሰንጠረዡ ላይ ያለው ወር የተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደግም ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የአንጎል ገጹ ላይ ነው። ሥዕሉ አንጎልን እንደ ሽንኩርት በሦስት ልባስ ይከፍለዋል፤ ታች የተሳቢ እንስሳት አንጎል፣ መሃል የስሜት፣ ላይ የማሰብ። ይህ የፖል ማክሊን ሐሳብ ሲሆን ዛሬ የአንጎል ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ «በልጅነት የደረሰ ከባድ ፍርሃት አንጎልን ያበላሻል» ይላል። «ያበላሻል» የሚለው ቃል ነው ያሳዘነን።

እስቲ አሠራሩን እንመልከት። አሚግዳላ የሚባለው ክፍል አደጋን ፈጥኖ ለይቶ ሰውነትን ያስነሳል። ሂፖካምፐስ ነገሩ የትና መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ይረዳል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ ይሄ የበር ድምፅ ነው» ብሎ ለማረጋጋት ያግዛል፤ እሱም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። በር በኃይል ሲዘጋ ዘሎ የሚነሳ ተማሪ አንጎሉ ተበላሽቶ አይደለም። አደጋን አጥብቆ ስለተማረ ነው። አሮጌው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ባይፋቅም፣ በላዩ ላይ የደኅንነት ትምህርት ሊደረብበት ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያን ዕለት ኮፒው እስኪያልቅ በእግራችን ወደ ሞይ አቬኑ እና ኃይለ ሥላሴ አቬኑ መጋጠሚያ ወርደን ነበር። የአገራችን ንጉሥ ስም ያለበት መንገድ ስለሆነ እግራችን ወሰደን እንበል። ኦገስት 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ የተመታው እዚያ ነው፤ አሁን የመታሰቢያ መናፈሻ ሆኗል። በናይሮቢ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምተው ወደ መስኮት የቀረቡ ብዙ ሰዎች በመስታወት ስብርባሪ ዓይናቸውን አጥተዋል።

ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ፍራንክ ንጄንጋ የተባሉት የናይሮቢ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከ2,800 በላይ ኬንያውያንን በመጠይቅ አጠኑ። ውጤቱ በ2004 ታተመ። 35 በመቶ ያህሉ የትሮማ ሕመም የሚመስል ምልክት ነበራቸው። ልብ በሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልነበራቸውም! ከምልክቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ፍንዳታውን ማየት፣ መቁሰልና ሐዘን ብቻ አይደሉም። በኋላ የመጣ የገንዘብ ችግርና ለወዳጅ የልብን አለመናገርም አሉበት። ስለዚህ ከክፉው ቀን በኋላ የሚሆነው ነገርም ይቆጠራል።

«እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፤ ሕፃንስ?» ትሉ ይሆናል። አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን በ1951 ስለ ስድስት ሕፃናት ጽፈዋል። ወላጆቻቸውን በናዚዎች ተነጥቀው ቴሬዚን በተባለው ካምፕ ቆይተው፣ በ1945 እንግሊዝ አገር ሲደርሱ 3 ዓመት ገደማ ነበሩ። መጀመሪያ አዋቂን ይመቱ፣ ይነክሱ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን አንዱ ሳይበላ ሌላው አይበላም፤ ለደቂቃም አይለያዩም። ፍቅርን ከእኩዮቻቸው አግኝተው ነበር። ቀስ በቀስ አሳዳጊዎቻቸውን ወደዱ፤ አዲስ ቋንቋም ተማሩ።

ይህ ማለት ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ከ2000 ጀምሮ ቡካሬስት ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ 136 ልጆች ተጠንተዋል። ወደ ቤተሰብ የተወሰዱት ተሻሽለዋል፤ በብዙ ነገር ይበልጥ የተሻሻሉት ደግሞ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የተወሰዱት ናቸው። መዘግየት ይጎዳል። ቢሆንም ይህ ቶሎ እንድንረዳ የሚያጣድፈን ማስረጃ እንጂ በልጁ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

በመሆኑም ለመምህራን ባልደረቦቻችን የምንለው ይህ ነው። ሰንጠረዡን አንጣለው፤ ብቻውን ግን አናስተምረው። ከእያንዳንዱ ደረጃ አጠገብ «ማን፣ የት፣ እነማንን አይቶ አለ?» የሚል ጥያቄ እንጻፍ። «ተበላሸ» የሚለውን ቃል ከማስታወሻችን እናውጣ። «ምን አመለጠው?» ብለን ስንጠይቅ «አሁን ማን አለው?» ማለትንም አንርሳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪያችንን እንዲህ ብለን ጠየቅናት፦ «ልጅሽ ሲወድቅ ወደ ማን ይሮጣል?»

«ወደኔ ነዋ» አለች። «እኔ ከሌለሁ ጎረቤቴ ጋ።»

ኤንስዎርዝም በዩጋንዳ ቤት ለቤት እየዞረች የተመለከተችው ይህንኑ ነበር፤ ሕፃኑ ሲከፋው ወደ ማን እንደሚሄድ። ለእናቲቱ ይህን ነገርናት። ሀንድአውቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍን።

እናንተስ በክፍላችሁ ምን ገጠማችሁ? ጻፉልን። ቸር ያሰንብተን።